የሰፈር የወግ ምሽት እንዴት ይዘጋጃል? ለእያንዳንዱ ሰው 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ

መጀመሪያ ያዘጋጀነው ምሽት ከሽፎብን ነበር። ሰው መጥቷል፣ ሞንታርቦው ይሠራል፣ ቡናው ተፈልቷል። ግን አንድ የጋበዝናቸው ትልቅ ሰው «እንደው ለሁለት ደቂቃ ያህል» ብለው ማይኩን ያዙና 25 ደቂቃ አልለቀቁትም። ስለ ልማት አወሩ። ስለ ወጣቱ አወሩ። እኛ ልንሰማቸው የፈለግናቸው ሰው፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት አባት፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ጠብቀው ጠብቀው ሲመሽባቸው «ልጆቼ፣ መንገዴ ሩቅ ነው» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ታንኳዋን ተሸክመዋት እንደመጡ ተሸክመዋት ወጡ። ትንሽዬ ታንኳ ነበረች፣ ለማሳያ ብለው ለዚያ ቀን የሠሯት።

ስለዚህ ይኼ ጽሑፍ ስለ ብዙ ነገር ቢያወራም ዋናው ነገሩ አንድ ነው። ሰዓቱን የሚያስከብር ሰው ከሌለ የሰፈር ምሽት ስብሰባ ይሆናል። ስብሰባ ደግሞ ሁላችንም ከበቂ በላይ አለን።

ነገሩ ቀላል ነው። ሰባት ወይም ስምንት የሰፈር ሰው አንድ ምሽት ላይ ተራ በተራ ይነሣል። እያንዳንዱ በእጁ ስለሚሠራው ወይም በዓይኑ ስላየው አንድ ነገር ያወራል፤ ስለ ፈጠራ፣ ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ሰፈር ኑሮ። የሁሉም ጊዜ እኩል ነው፣ አጭርም ነው። መሀል ላይ ቡና አለ። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከጣና ዳር ናቸው፤ ሐዋሳ ወይም ደሴ ያላችሁ በራሳችሁ ሐይቅና በራሳችሁ ተራራ ተኩት።

የጊዜውን ሕግ የተዋስነው ከቶኪዮ ነው። በ1995 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2003) እዚያ የሚኖሩ ሁለት አርክቴክቶች፣ አስትሪድ ክላይንና ማርክ ዳይታም፣ ፔቻ ኩቻ የሚባል ምሽት ጀመሩ። 20 ፎቶ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ 20 ሰከንድ። ፎቶው ራሱን በራሱ ይቀይራል፣ ተናጋሪው «ቆይ አንዴ» ማለት አይችልም። ሲደመር 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይመጣል። ስሙ በጃፓንኛ የወሬ ጫጫታ እንደማለት ነው። ለምን እንዲህ አሳጠሩት ቢባል መልሳቸው ያስቃል፤ አርክቴክት ማይክ ከያዘ አይለቅም ነው የሚሉት። (እኛ ጋ ለዚህ አርክቴክት መሆን አያስፈልግም።) ስሙን ራሱን መጠቀም ከፈለጋችሁ የተመዘገበ ስም ስለሆነ ባለቤቶቹን ማነጋገር አለባችሁ። እኛ ስሙን ትተን ሕጉን ብቻ ወሰድን። «የወግ ምሽት» አልነው፣ ለሰዉም ወዲያው ገባው።

«አጭር ንግግር ለእኛ ባህል አይሆንም» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እንዳትሰሙት። ጉባኤ ቃና እኮ ሁለት ቤት ብቻ ያለው ቅኔ ነው። ሁለት ቤት ውስጥ ሰምና ወርቅ የሚያስቀምጥ ሰው ባለበት አገር 6 ደቂቃ ሰፊ ሜዳ ነው። እኛን የሚያስቸግረን መግቢያው ነው፤ እሱ ላይ እመለስበታለሁ።

ማን ይጋበዝ?

ተናጋሪ አትፈልጉ። ተናጋሪ ስትፈልጉ የምታገኙት ያንኑ ሁሌ መድረክ ላይ የሚወጣውን ሰው ነው። ሥራውን ሲሠራ ቆማችሁ የምታዩትን ሰው ነው መፈለግ ያለባችሁ። በእኛ ሰፈር እነማን ተገኙ መሰላችሁ? ባጃጅ የሚያስጌጥና መስታወት ላይ ጥቅስ የሚጽፍ ልጅ። ቆሮሶና አምባዛ የሚሸጡ እናት፣ ቢላዋቸው ዓሣውን ሲገፈው ለዓይን የሚፈጥን። ጠዋት ጠዋት ሐይቅ ዳር እየሄዱ ወፍ የሚቆጥሩ ጡረታ የወጡ መምህር። አንድ ብስክሌት ጠጋኝ፤ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ እንደነበረች የሚያስታውስ፣ ባጃጁ ሲበዛ ደንበኛው ሲቀንስ እያየ ሱቁን ያልዘጋ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚማር ዲያቆን። ከእነዚህ ውስጥ አንዳቸውም በሕይወታቸው ንግግር አድርገው አያውቁም ነበር።

አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቁ። «ንግግር አድርግልን» ካላችሁት ይሸሻችኋል፣ ካልሸሸም ክራባት አስሮ ይመጣል። «ያን ቀን ለእኔ ያሳየኸኝን ለሰፈሩ ሰው አሳይልን» በሉት። ለትልቅ ሰው ደግሞ በስልክ አይሆንም፣ ቤታቸው ሂዱ። ታንኳ ሠሪውን አባት ከዚያ ጉድ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ስንጠይቃቸው ወሬያችን እንዲህ ነበር፦

«አባባ፣ አሁንስ ይመጡልናል?»

«ያ ሰውዬ አለ?»

«የለም አባባ። ቢኖርም የሚሰጠው ስድስት ደቂቃ ነው።»

«ለእኔስ?»

«ለእርስዎም ስድስት።»

ትንሽ አሰቡ። «እኩል ከሆነ እመጣለሁ» አሉ።

ሴቶችን ስትጋብዙ ከርዕሱ በፊት የምትመልሱት ጥያቄ አለ፤ «ስንት ሰዓት ያልቃል፣ ማን ያደርሰኛል?» የሚል። መልሱን ይዛችሁ ካልሄዳችሁ በትሕትና «እስቲ አያለሁ» ይሏችኋል። አለመምጣታቸው ነው። እኛ ሁለት የሚታመኑ የባጃጅ ልጆችን ቀድመን አናግረን፣ የመመለሻውን ሂሳብ ከመዋጮው ከፈልን። ከዚያ ወዲህ ከተናጋሪዎቹ ግማሹ ሴት ነው።

ርዕሱን አጥብቡት፣ ገና አጥብቡት

እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ምሽቱን የሚያድነው ይኼ ነው።

ሰው ስለ ተፈጥሮ አውራ ሲባል «የአካባቢ ጥበቃ አስፈላጊነት» ይላችኋል። ስለ እምቦጭ አውሪ ያልናት ልጅም መጀመሪያ ያመጣችው ርዕስ «እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ ያደረሰው ጉዳት» ነበር። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ፣ አረሙ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ዝርያ እንደሆነ፣ እኛ ጋ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እንደታየ፣ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ቦታ ተብሎ እንደተመዘገበ ጻፈች። ሁሉም ልክ ነው። ግን ይኼን ባሕር ዳር ያለ ሰው በዜና ሰምቶ ሰምቶ ጠግቦታል።

«አንቺ ግን ለዘመቻው ሄደሽ ነቅለሽ የለ? እጅሽ ላይ ምን ይመስላል?» አልናት። ያኔ ነው ነገሩ የመጣው። ውሃ ስለጠጣ ሲነቀል ከሚታየው በላይ እንደሚከብድ። ሥሩ ጥቁር ጢም እንደሚመስል፣ ጭቃውን ይዞ እንደሚወጣ። ወገብ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመሽ ስትጎትቺ እግርሽ ሥር ምን እንዳለ እንደማታውቂ። የተነቀለው ዳር ላይ ከተከመረ ክረምት ሲመጣ ውሃው መልሶ እንደሚወስደው፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ዓመታት እንደሚቆይ። ደግሞ አበባው፤ ሐምራዊ ነው፣ በጣም ያምራል፣ ዓለምን የዞረውም ሰው ለውበቱ ብሎ ተሸክሞት ነው። ንግግሯ «መጀመሪያ ሳየው አበባውን ቀጥፌ ጸጉሬ ላይ ሰካሁት» ብሎ ጀመረ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

እሷ አንዱን ተክል በተቆረጠ ጀሪካን ይዛ መጥታ ነበር። እናንተም ካመጣችሁ አደራ፣ ሲያልቅ አድርቃችሁ አቃጥሉት። ቦይ ውስጥ ወይም ሰው ግቢ ኩሬ ውስጥ እንዳትጥሉት። ስለ አረም ያወራንበት ምሽት አረም ቢያዛምት መሳቂያ ነው የምንሆነው።

ሌላም ምሳሌ ልስጣችሁ። «የደን መመናመን» ስድስት ደቂቃ ውስጥ አይገባም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግን ይገባል። ደቡብ ጎንደር ላይ ከሩቅ ስታዩ እርሻው መሀል አረንጓዴ ክብ ካያችሁ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንቷል። ዙሪያቸውን የድንጋይ ካብ መካብ የሚረዳበት ምክንያት ደግሞ ለማንም ይገባል፤ ከብት አይገባም፣ የበቀለው ችግኝ አይበላም፣ አይረገጥም። አንድ ሰው ካቡን ሲክብ የነበረ ከሆነ ስለ ካቡ ብቻ ያውራ። ዘጌ የተወለደ ሰው ካላችሁ ደግሞ እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ ለምን እንደ ነውር እንደሚቆጠርና ቡናው ከዛፉ ሥር እንዴት እንደኖረ ያውራ። ዓሣ አጥማጅ ካላችሁ፣ ክረምት ላይ ዓሣው ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ሽቅብ ሲወጣ የወንዙን አፍ በመረብ የዘጋ ሰው ለሚመጣው ዓመት ምን እንደሚቀርለት ያውራ። ይኼን ከዓሣ አጥማጅ አፍ መስማትና ከባለሙያ መስማት አንድ አይደለም። ባለሙያው «መከልከል አለበት» ይላል። ዓሣ አጥማጁ «እኔም ዘግቼ አውቃለሁ» ይላል።

ፈጠራ ላይ ያለው አደጋ ሌላ ነው። ፈጠራ ያላችሁት ሰው በአንድ ጊዜ አነቃቂ ተናጋሪ ይሆንባችኋል። ራዕይ፣ ሕልም፣ ይቻላል። እኛ ልምምድ ላይ «ይቻላል» የሚለውን ቃል እንቆጥራለን፤ ሁለተኛው ላይ እንስቃለን፣ ሦስተኛው አይመጣም። የባጃጁ ልጅ የሚያወራው የትኛው ቀለም ፀሐይ ላይ ቶሎ እንደሚለቅ፣ ጥቅስ ሲመርጥ ሹፌሩን ምን ብሎ እንደሚጠይቀው፣ አንዴ ደንበኛው «ሚስቴ አጥፋው አለችኝ» ብሎ መስታወቱን እንዳስፋቀው ነው። ከዚህ በላይ ስለ ፈጠራ ምን ትፈልጋላችሁ?

ርዕሱ በቂ መጥበቡን የምናውቅበት አንድ ጥያቄ አለን። «ይኼንን ሌላ ሰው ከኢንተርኔት አንብቦ ማውራት ይችላል?» መልሱ አዎ ከሆነ፣ ገና ነው።

ልምምድ

ከምሽቱ አንድ ሳምንት በፊት እያንዳንዱን ሰው ለብቻው አግኙት። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ክፈቱና «በል» በሉት። 15 ደቂቃ ያወራል። ሁሉም ሰው 15 ደቂቃ ያወራል፣ አትደንግጡ።

ከዚያ የምትቆርጡት ከፊት ነው። «በመጀመሪያ ይህንን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ በመቀጠልም የተከበራችሁ ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች…» ይኼ ሁሉ ይውጣ። ስድብ አይደለም፣ ሰውን መናቅም አይደለም፤ መድረክ መሪው መጀመሪያ ላይ ለሁሉም አንድ ጊዜ ያመሰግናል፣ ሁሉንም በስማቸው ያስተዋውቃል። ተናጋሪው ቀጥታ ነገሩ ውስጥ ይግባ። የባጃጁ ልጅ ስሙን፣ የተወለደበትን፣ የተማረበትን ተናግሮ ነበር የሚጀምረው። አሁን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሩ «መጀመሪያ የጻፍኩት ጥቅስ ፊደሉ ተሳስቶ ነበር፣ ባጃጁ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ይዞት ዞረ» የሚል ነው።

በ20 ሰከንድ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይባላል። ከዚያ በላይ ከጻፋችሁ ፎቶው ይቀድማችኋል። ፎቶው ላይ ጽሑፍ አትደርድሩ፤ ሰው ያነባል እንጂ አይሰማችሁም። ሁለተኛውን ልምምድ ከምሽቱ ሁለት ቀን በፊት አድርጉ። ሦስተኛ አታድርጉ፣ ይደርቃል።

ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው

ክረምትን እርሱት። እኛ ሰኔ ላይ ሞክረን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ማይክም ጩኸትም አልሠራም፣ አንዷ ተናጋሪ በምልክት ልትጨርስ ምንም አልቀራት። ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ናቸው፣ የካቲትም። ጥር ሰርግ ነው፤ ወንበርም ሰውም አታገኙም። በጾም ወቅትም ይሆናል፣ ቆሎና ዳቦ ጾም አይገድፍም።

ቅዳሜ ማታ ጥሩ ይመስላል፣ አይደለም። 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ የእንግሊዝ ኳስ አለ፣ ወጣቱን በሙሉ ታጣላችሁ። እሑድ ለቅሶ መድረሻ፣ ዘመድ መጠየቂያ ነው። እኛ ሐሙስን ይዘናል።

ሰዓቱን 11፡15 አድርጉትና በ11፡15 ጀምሩ፣ ስምንት ሰው ብቻ ቢኖርም። አንድ ጊዜ በሰዓቱ ከጀመራችሁ በሚቀጥለው ሰው ይሮጣል። አንድ ጊዜ ከጠበቃችሁ ዕድሜ ልካችሁን ትጠብቃላችሁ። አራት ሰው ያወራል፣ 27 ደቂቃ ገደማ። ከዚያ የቡና ዕረፍት፤ ዕረፍቱን ከመግሪብ ሰላት ጋር አገጣጥሙት፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሰግደው ይመለሳሉ። ከዚያ ሌላ አራት ሰው፣ 1 ሰዓት ሲሆን አልቋል። በከተማችሁ የእንቅስቃሴ ሰዓት ገደብ ካለ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ሰዓት ተኩል ቀደም አድርጉት። ምሽት የሚለው ስም ላይ አትሟገቱ፣ ሰው በሰላም ቤቱ ይግባ።

ግን 11፡15 ላይ ፀሐይ አለች፣ ፕሮጀክተር አይታይም። መስኮት በካርቶን መሸፈን ሞከርን፣ አዳራሹ ምድጃ ሆነ። አሁን ያገኘነው ዘዴ ይኼ ነው፦ ከዕረፍት በፊት ያሉት አራት ሰዎች ፎቶ የላቸውም፣ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። ታንኳዋ፣ የሥዕል ብሩሹ፣ የተበላሸው የብስክሌት ጥርስ፣ ጀሪካኑ። በቀን ብርሃን ዕቃ በደንብ ይታያል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ፎቶ ያላቸው አራቱ ከዕረፍት በኋላ፣ ሲጨልም ይቀርባሉ። በዚህ ላይ መብራት ቢሄድ ቢያንስ ግማሹ ምሽት ተርፏል።

ቦታ ከፈለጋችሁ ሆቴል ቤት አትሂዱ። ሰው ለስላሳ ማዘዝ ያለበት ስለሚመስለው ይቀራል። የሰፈራችሁን ዕድር ጠይቁ። ዕድር አዳራሽ አለው፣ ካልኖረው ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብርጭቆ አለው። ዳኛውን ቀድማችሁ አናግሩ፣ ለዕቃው ግምጃ ቤት ላይ ፈርሙ፣ አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ተስማሙ፦ ያን ቀን ለቅሶ ከገጠመ ወንበሩ የለቅሶው ነው። እኛን አንድ ጊዜ ገጥሞን ምሽቱን በሳምንት አሸጋገርነው። ተናጋሪዎቹም እኛም ለቅሶ ቤት ነበርን።

ዕቃና መብራት

ስክሪን አትግዙ። አራት ሜትር አቡጀዲ ለሁለት ሰፍታችሁ ግድግዳ ላይ ወጥራችሁ ቸንክሩት። ሳይጨማደድ እንዲቆም ከታች እንጨት አስገቡበት። ፕሮጀክተር ከትምህርት ቤት ወይም ከጓደኛ መሥሪያ ቤት ይገኛል። ከነገመዱ ተረከቡት፣ ከሰዓት በፊት ከራሳችሁ ላፕቶፕ ጋር ሞክሩት። ዲቫይደርና ረጅም ኤክስቴንሽን ሁልጊዜ ይረሳል።

ስልሳ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ማይክ አያስፈልግም። እውነቴን ነው። ማይክ ሲኖር ሰው ድምፁን ይቀይራል፣ እንደ ዜና አንባቢ ያወራል፣ አለቅም ይላል። ያለ ማይክ ሰው እንደ ሰው ያወራል።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ስትቀበሉ «በፋይል ላክልኝ» በሉ፣ ካለዚያ ፎቶው ተጨምቆ ይደርሳችሁና አቡጀዲው ላይ ሲሰፋ ይደበዝዛል። ሁሉንም አንድ ላፕቶፕ ላይ፣ ለየሰው በየፎልደሩ አስቀምጡ። ፓወር ፖይንት ላይ ሁሉንም ስላይድ ምረጡና «ትራንዚሽን» የሚለው ውስጥ ግቡ፤ በማውስ ክሊክ የሚለውን አጥፉና «አፍተር» የሚለው ላይ 20 ሰከንድ ሙሉ። አማርኛ ጽሑፍ ያለበት ስላይድ ከመጣላችሁ ቀድማችሁ ክፈቱት፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ እናንተ ላፕቶፕ ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ስላይዱን እንደ ፎቶ አድርጎ እንዲልክላችሁ ንገሩት።

መብራት ከሄደ ጄኔሬተር አትለምኑ፤ ድምፁ ከወሬው ይበልጣል። ሁለት የሚሞላ ባትሪ መብራት ይበቃል። ፎቶ ያዘጋጁትንም ሰዎች አንድ አንድ ዕቃ ኪሳቸው ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው።

ፈቃድ ላይ ብዙ አልልም። ለቀበሌው ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፣ የተናጋሪዎቹን ስምና ርዕስ አያይዙ፣ ማህተም ያረፈበትን ግልባጭ ኪሳችሁ ያዙ። ምን እንደምታደርጉ በትክክል ጻፉ፣ አታስጊጡት። ኃላፊዎቹን ጋብዟቸው፣ ወንበር ስጧቸው፣ ማይክ ግን እንደሌለ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ምሽቱ ራሱ

ቡናውን እንግዳ ሲገባ ቁሉት። ሽታው ከየትኛውም ማስታወቂያ ይሻላል፣ መንገድ ላይ ያለውንም ይጠራል። ግን ከ11፡15 በፊት ተቆልቶ ተወቅጦ ማለቅ አለበት። አንዴ የወፍ ቆጣሪው መምህር በቀስታ ዘለቄ ጉማ ስለሚባለው ወፍ አነሣሥ ሲያወሩ ጓሮ ውስጥ ሙቀጫው ዷ ዷ ዷ ማለት ጀመረ። መምህሩ ቆም አሉና «ይቺኛዋ ወፍ ገና አልተመዘገበችም» አሉ። ሰው ሳቀ፣ ደቂቃቸው ግን ሄደ። አቦል በዕረፍቱ ይቀርባል፣ ቶናና በረካ መጨረሻ ላይ።

ፎቶ ያላቸውን ፓወር ፖይንቱ ያስቆማቸዋል። ዕቃ የያዙትን ማን ያስቆማል? እኛ የ11 ዓመት ልጅ ቃጭል ይዛ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥን። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አንዴ ትመታለች፣ 6፡40 ላይ እስኪቀመጡ ትመታለች። እኔ ባስቆማቸው ቅር የሚላቸው ሰዎች ልጅ ስታስቆማቸው ይስቃሉ። ለልጅቷ ቀድማችሁ «ማንም ቢሆን» በሏት። የኛዋ የገዛ አባቷን ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ አስቁማዋለች፣ እስካሁን ቤት ውስጥ ይወራል።

ጥያቄና መልስ አታድርጉ። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» የሚለው ሰው እያንዳንዱ አዳራሽ ውስጥ አለ፣ ያዘጋጃችሁትን ሁሉ በአሥር ደቂቃ ይበላዋል። ጥያቄ ያለው ሰው ስኒውን ይዞ ተናጋሪው ጋ ይሂድ። ዓሣ የሚሸጡት እናት አጠገብ በዕረፍቱ የተሰበሰበውን ሰው ብታዩ፣ አምባዛ ሲገዛ ትኩስነቱ በምን እንደሚታወቅ ለማወቅ ነበር ሁሉም። አስተያየት ግን አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ከአዛውንቶቹ አንዳቸው ይመርቁ። ምርቃቱን ቃጭል አያቆመውም፣ እሱ ሕግ ውስጥ አይገባም።

ታንኳ ሠሪው አባት ያን ሁለተኛ ቀን ስድስት ደቂቃቸውን አልጨረሱም። ደንገሉን እንዴት እንደሚያስሩት እጃቸው ላይ አሳዩ፣ ታንኳ ውሃ እየጠጣች ስትከብድ እንደሚጥሏትና ሌላ እንደሚሠሩ ተናገሩ፣ «ይኸው ነው» ብለው ተቀመጡ። አራት ደቂቃ ሆነ። ልጅቷ ቃጭሏን ይዛ ግራ ገባት። እንዲህ ሲሆን የተረፈውን ሰዓት አትሙሉት፣ ቀጣዩን ጥሩ።

ሲያልቅ የሚቀጥለውን ቀን እዚያው ተናገሩ፣ ለሚቀጥለው ሁለት ሰው እዚያው ያዙ፤ ነገ ስልክ አያነሡም። አዳራሹን ጠርጉ። ወንበሩን ግምጃ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ራሳችሁ ቁጠሩ። እኛ 60 ወስደን 59 መልሰናል፤ የዕድሩ ዳኛ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሰላምታ ቀድመው የሚጠይቁኝ ያቺን አንድ ወንበር ነው።